የሃይብሪድ መኪናችሁ ትክክለኛ የነዳጅ ፍጆታ ስንት ነው? ከከተማ ዳር ለምንመላለስ ሰዎች ዝርዝር መመሪያ

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዬን ሳጥብ ጎረቤቴ ብቅ ይልና «ይቺ ሃይብሪድ ግን በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ይለኛል። ለረጅም ጊዜ መልሴ «ሃያ አምስት ትሄዳለች ነው የሚሉት» ነበር። የሸጠልኝ ሰው የነገረኝን ነው የምደግመው። እኔ ራሴ ለክቼ አላውቅም ነበር።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ሥራዬ መስቀል አደባባይ አካባቢ ነው። መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ2014 ስሪት ቶዮታ ያሪስ ሃይብሪድ ናት፤ የቤንዚን ሞተርም፣ በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተርም አላት። የቤንዚን ሞተሯ 1.5 ሊትር፣ ታንኳ 36 ሊትር። ጠዋት በቱሉ ዲምቱ ወጥቼ በቃሊቲ፣ በሳሪስ፣ በጎተራ አድርጌ እገባለሁ። ማታ በዚያው እመለሳለሁ። አንዳንድ ቅዳሜ እናቴን ለመጠየቅ አዳማ እወርዳለሁ። ሱሉልታም አልፎ አልፎ ሥራ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ትንሽ ደብተር ገዝቼ መኪናው ውስጥ አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ቤንዚን በቀዳሁ ቁጥር እጽፋለሁ።

ከደብተሩ የተማርኩት ሃይብሪድ አንድ ቁጥር እንደሌለው ነው። ያችው መኪና፣ ያው ሹፌር፣ በአንዱ መንገድ በሊትር 24 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ በሌላው 11። ስለዚህ «ስንት ትሄዳለች?» ከማለታችን በፊት «በየትኛው መንገድ?» ማለት አለብን። እኛ ከዳር የምንመላለሰው ደግሞ በአንድ ጠዋት ፒስታ፣ ኮብልስቶን፣ ክፍት አስፋልትና የተዘጋጋ መንገድ ሁሉ ይደርሰናል። የራሳችሁን ቁጥር ራሳችሁ ለክታችሁ እንድታውቁት፣ ካወቃችሁት በኋላም እንድታሻሽሉት በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር እርሱት

እ.ኤ.አ. በ2016 ገበያ ላይ የነበረውን ቶዮታ ፕሪየስ እንውሰድ። በአውሮፓ መለኪያ በ100 ኪሎ ሜትር 3.0 ሊትር ይፈጃል ተባለ። በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ 4.5 ሊትር። በጃፓን መለኪያ ደግሞ በሊትር 37.2 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተባለ፤ በ100 ኪሎ ሜትር 2.7 ሊትር መሆኑ ነው። መኪናው አንድ ነው፣ የተለያየው ፈተናው ነው። የድሮው የአውሮፓ ፈተና በጣም ለስላሳ አነዳድ ላይ የተመሠረተ ስለነበር እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሌላ ተተክቷል። የቱም ፈተና ግን ቃሊቲ ላይ ከሲኖትራክ ኋላ ተሰልፎ አልተሠራም። ብሮሹሩ ሁለት መኪና ለማወዳደር ይጠቅማል። ለወር ወጪያችሁ አይጠቅምም።

እኛ አገር የለመድነው «በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር» ማለት ነው። ዳሽቦርዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ «በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር» ይላል። ለመቀየር 100ን ለቁጥሩ ማካፈል ነው። 5 ካለ በሊትር 20 ማለት ነው። 4 ካለ 25።

ደረጃ 1፦ ከመለካታችሁ በፊት መኪናውን አስተካክሉ

የታመመ መኪና ብትለኩ የምታገኙት የበሽታውን ቁጥር ነው።

ከጎማ ጀምሩ። ትክክለኛው የንፋስ መጠን በሹፌሩ በር በኩል፣ በሩ ሲከፈት ከሚታየው ብረት ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል። ጎሚስታው ለሁሉም መኪና አንድ ዓይነት ሊሞላ ይችላል፤ ስለዚህ ቁጥሩን እናንተው ንገሩት። የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ነው። ከቤት አጠገብ ያለ ጎሚስታ ጋ ጠዋት መሄድ ይሻላል። በወር አንዴ ይበቃል።

ቀጥሎ የአየር ፊልትሮ። ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ገላን፣ ለገጣፎ የሚኖር ሰው የግንባታ አቧራ ምን እንደሆነ ያውቃል። መካኒኩ መቀየሪያው ገና ነው ቢላችሁም በየሁለት ወሩ አስከፍታችሁ እዩት።

ከዚያ ፍሬን። ሃይብሪድ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው በኤሌክትሪክ ሞተሩ ስለሆነ የፍሬን ሸራው ብዙ አይሠራም። ብዙ ስለማይሠራ ደግሞ ዝጎ ሊይዝ ይችላል። ከረጅም ጉዞ በኋላ እጃችሁን ሳትነኩ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ፍሬኑ ይዞታል ማለት ነው። እሱን ሳታስለቅቁ አትለኩ።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያውቀው ነገር ልምጣ። የኤሌክትሪክ ሞተሩን የሚያሠራው ትልቁ ባትሪ በብዙ ሃይብሪድ የራሱ ማቀዝቀዣ ፋን አለው። በእኔ መኪና ባትሪው ያለው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው፤ አየር የሚስበውም በመቀመጫው ጎን ባለ ትንሽ ወንፊት ነው። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ፍጆታዬ ከ4.7 ወደ 5.4 ወጣ። ከኋላም ፉፉፉ የሚል ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ኮምፒውተር እንኳ ሳይሰኩ «ባትሪው ሞቷል፣ ይቀየር» አሉኝ። የነገሩኝ ዋጋ እንቅልፍ ነሳኝ። እሁድ ጠዋት መኪናዋን አጥፍቼ፣ ቁልፉን ቤት ትቼ፣ በባትሪ መብራት ወንፊቱን አየሁት። ግራጫ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። አቧራው ከመቀመጫው ጨርቅ ብናኝ ጋር ተጋግሮ ቀዳዳዎቹን ደፍኗል። መሀል ላይ የልጄ ብስኩት ፍርፋሪና የፀጉር ማስያዣዋ አለ። በቀለም ብሩሽ እያራገፍኩ በቫኪዩም ሳብኩት። ድምፁ በዚያው ቀን ጠፋ። ሁለተኛው ታንክ ላይ ፍጆታው ወደ 4.8 ተመለሰ።

እባካችሁ ይህን ወንፊት በየሦስት ወሩ አጽዱት። ዕቃም ልብስም አትደርድሩበት። ግን ከወንፊቱ አልፋችሁ ምንም አትፍቱ። ብርቱካናማ ገመድ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። የእኔ መኪና ባትሪ 144 ቮልት ነው፤ ይህ ሰው ይገድላል።

ደረጃ 2፦ ከሙሉ ታንክ እስከ ሙሉ ታንክ ለኩ

ዳሽቦርዱ የሚያሳየው አማካይ ፍጆታ ግምት ነው፤ ብዙ ጊዜም ለመኪናው ያደላል። ሐቁን የሚናገረው ማደያው ነው።

አንድ ማደያ ምረጡ። ከተቻለ አንድ ማሽን። መሬቱ ሜዳ ይሁን። «ሙላው» በሉ። መቅጃው ቀጭ ብሎ ራሱን ሲያቆም በቃ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። እኔ የምቀዳበት ማደያ ያለው ልጅ ሁልጊዜ መኪናዋን በእጁ ነቅነቅ ያደርግና «ጋሼ፣ ትንሽ ልጨምርበት?» ይለኛል። ሊጠቅመኝ ብሎ ነው። አንድ ጊዜ አስጨምሬ በሚቀጥለው ካላስጨመርኩ ግን ልዩነቱ አንድ ሊትር ሊደርስ ይችላል። አንድ ሊትር በ30 ሊትር ላይ ትንሽ አይደለም። ስለዚህ «አይ ወንድሜ፣ ይበቃል» እለዋለሁ። አሁን ለምዶኛል፤ ቀጭ ሲል ራሱ ያወጣዋል።

ወዲያው የጉዞ መቁጠሪያውን ዜሮ አድርጉ። ታንኩ ከግማሽ በታች እስኪወርድ ንዱ። ተመለሱና በዚያው ማሽን እስከ መጀመሪያው ቀጭታ አስሞሉ። የማሽኑን ሊትርና የጉዞ መቁጠሪያውን በስልክ ፎቶ አንሱ። ስሌቱ ቀላል ነው። 640 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 30.1 ሊትር ከገባ 30.1ን ለ640 አካፍላችሁ በ100 ታባዛላችሁ። 4.7 ይመጣል። በሊትር 21.3 ኪሎ ሜትር ማለት ነው።

አንድ ታንክ አይበቃም። ሦስት ታንክ ለክታችሁ ሊትሩን ከሊትር፣ ኪሎ ሜትሩን ከኪሎ ሜትር ደምራችሁ አስሉ።

ቤንዚን ጠፍቶ ሰልፍ ሲበዛ አንዳንድ ቦታ ሙሉ አይቀዱም። ችግር የለውም። 10 ሊትር ቢሰጧችሁ 10 ብላችሁ ጻፉ፤ መቁጠሪያውን ግን ዜሮ አታድርጉ። ሙሉ የምታስሞሉበት ቀን እስኪመጣ ሊትሮቹን እየደመራችሁ ቆዩ።

ሌላ አንድ ነገር። ከፋብሪካው የተለየ መጠን ያለው ጎማ ከገባ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይዋሻል። ክፍት መንገድ ላይ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በስልካችሁ ካርታ እየለካችሁ ንዱና አወዳድሩ። የሚነዳው ሌላ ሰው፣ ስልኩን የሚይዘው ሌላ ሰው ይሁን።

ደረጃ 3፦ መንገዱን ቆራርጣችሁ ጻፉ

አብዛኞቹ ሃይብሪዶች ሁለት የጉዞ መቁጠሪያ አላቸው። አንዱን ለታንኩ ተዉት። ሁለተኛውን ለቁራጭ መንገድ ተጠቀሙበት፤ በየቁራጩ መጀመሪያ ዜሮ፣ መጨረሻው ላይ ቆም ብላችሁ ማንበብ። ዳሽቦርዱ ያዳላል ብያለሁና በደረጃ 2 ባገኛችሁት አስተካክሉት። የእኔ ዳሽቦርድ 4.4 ሲል ማደያው 4.7 ይላል። ስለዚህ የማነበውን ሁሉ በ1.07 አባዛለሁ።

ከተስተካከለ በኋላ ደብተሬ ላይ ያለው፣ በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደሚሄድ፣ ይህን ይመስላል። ልጄን ትምህርት ቤት የማደርስበት 2.5 ኪሎ ሜትር፣ በብርድ ጠዋት፦ ከ8 በላይ። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ጎተራ በተጨናነቀ ሰዓት፦ 4.6 አካባቢ። ያው መንገድ እሁድ ጠዋት፣ ሳይዘጋ፦ 4.2። ፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ፣ በሰዓት 100 እየነዳሁ፦ 4.1። ከአዳማ ሲመለስ፣ በዚያው ፍጥነት፦ 5.6። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ፦ 9። ያው ቁልቁል፦ ከ2 በታች።

የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች ደግማችሁ እዩአቸው። አዳማ ደርሶ «በሊትር 24 ሄደችልኝ» የሚል ሰው አልዋሸም። ግን የነገረን ግማሹን ነው። ስለዚህ ቁራጭ መንገድ ስትለኩ ደርሶ መልስ ካልሆነ አትመኑት። የእኔ አዳማ ደርሶ መልስ 4.85 ነው። የከተማው ቁጥሬ ከዚህ ያነሰ መሆኑ መጀመሪያ አስገርሞኝ ነበር። ቤንዚን ብቻ በሆነ መኪና የለመድነው ተቃራኒውን ነው፤ አገር አቋራጭ ላይ ይቆጥባል፣ ከተማ ውስጥ ይጠጣል።

ደረጃ 4፦ ለምን እንደሚለዋወጥ ተረዱ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። አነዳዱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ግድግዳ ላይ የማይሰካ ሃይብሪድ ጉልበቱ ሁሉ ከቤንዚን ነው። ባትሪው ራሱ ምንም አያመነጭም። ፍሬን ስትይዙ ሊባክን የነበረውን ይሰበስባል፣ ሞተሩ የተረፈውን ያስቀምጥበታል፣ መልሶ ይሰጣል። መጠኑ ደግሞ ትንሽ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ጉልበት አለ። የእኔ መኪና ባትሪ ግጥም ብሎ ቢሞላ የሚይዘው 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ የአንድ ሊትር አንድ አሥረኛ። ያውም መኪናዋ ባትሪው እንዳይጎዳ ስለምትጠብቀው የምትጠቀመው ከመሀሉ ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። ባትሪው የእህል ጎተራ አይደለም፣ መቀነት ነው። ሳንቲም ይገባል፣ ሳንቲም ይወጣል። ከተማ ውስጥ በየመቶ ሜትሩ ስለምንቆምና ስለምንነሳ መቀነቱ ሥራ አይፈታም። ፍጥነት መንገድ ላይ ግን ፍሬን የለም፤ ስለዚህ የሚሰበሰብ የለም። ያኔ ለሃይብሪዱ የሚተርፍለት ቆጣቢው ሞተሩ ብቻ ነው።

አሁን ዳገቱን እናስላ። ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ውስጥ ወደ 500 ሜትር ገደማ ዝቅ ይባላል። ከሰው ጋር 1,300 ኪሎ የሚመዝን መኪናን 500 ሜትር ከፍ ለማድረግ ወደ 1.8 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ሞተሩ ከቤንዚኑ ጉልበት ወደ ሥራ የሚቀይረው ሲሶውን ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ሲመለሱ ለዳገቱ ብቻ ከግማሽ ሊትር በላይ ይሄዳል፤ ሲወርዱ ደግሞ የዚያኑ ያህል ይቀንሳል። የ4.1 እና የ5.6 ልዩነት ምሥጢሩ ይኸው ነው።

እንጦጦ ላይ ነገሩ ይጠነክራል፣ ቁልቁለቱ አጭርና ገደላማ ነውና። ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርዱ ባትሪው ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ለመቀነቱ ምንም አይጨምርም። መኪናዋ ሞተሩን ያለ ቤንዚን እያሽከረከረች ራሷን ትይዛለች፤ ድምፁ ከፍ ይላል። አትደንግጡ፣ ጤና ነው።

ስለ ከፍታችንም አንድ ቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ዳገት ላይ አብዝቶ ይጮሃል። በሌላ በኩል የሳሳ አየር መኪናውን ብዙ አይገፋውም፤ ፍጥነት መንገድ ላይ ይህ ለእኛ ነው።

ቢሆንም አየር አየር ነው። ግፊቱ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ በካሬው ነው የሚጨምረው። ከ80 ወደ 120 ስትወጡ ፍጥነቱ በግማሽ ይጨምራል፣ የአየሩ ግፊት ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል።

የመጨረሻው ብርድ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው። ባትሪው ቢሞላ እንኳ ሞተሩ ይነሳል፤ ራሱንም፣ የጭስ ማጣሪያውንም ማሞቅ አለበት። ጉዞው 2 ኪሎ ሜትር ከሆነ ማሞቂያው ሳያልቅ ጉዞው ያልቃል። የልጄ ትምህርት ቤት 8 ሊትር የሚያስወጣው ለዚህ ነው። መፍትሔዬ ቀላል ሆነ፦ አድርሻት ቤት አልመለስም፣ በዚያው ወደ ሥራ እቀጥላለሁ። የሞቀው ሞተር አይባክንም።

ደረጃ 5፦ አነዳዳችሁን አስተካክሉ

ጠዋት አስነስታችሁ ቆማችሁ አታሙቁ። ያ የድሮ መኪና ልማድ ነው። ቀበቶ አስሩና ቀስ ብላችሁ ውጡ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች የውስጥ ማሞቂያውን አትክፈቱ። ማሞቂያው የሚሠራው በሞተሩ ሙቀት ስለሆነ ሙቀት በጠየቃችሁ ቁጥር ሞተሩ አልጠፋም ይላል። ጃኬት ልበሱ።

ስትነሱ በጣም አትለስልሱ። ይህ ብዙዎችን ይገርማቸዋል። እንደ ኤሊ መነሳት ቁጠባ ይመስላል፤ ነገር ግን ሞተሩ የሚቆጥበው መካከለኛ ሥራ ሲሰጠው ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የኃይል መለኪያ ኢኮ ከሚለው ክልል የላይኛው ግማሽ ላይ ይሁን። ወደምትፈልጉት ፍጥነት ቶሎ ድረሱ። ከዚያ ነዳጅ መስጫውን ሙሉ በሙሉ ልቀቁት፣ እንደገና በጣም በትንሹ ንኩት። ሞተሩ ይጠፋል፣ መኪናው ይንሸራተታል። ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ ማታ ስወርድ ይህን ሳደርግ ረጅም መንገድ በዝምታ እሄዳለሁ።

የኤሌክትሪክ ብቻ ቁልፉን ለቁጠባ አትጫኑት። አሁን ያለ ሞተር ትሄዳላችሁ፤ በኋላ ግን ሞተሩ ባዶውን ባትሪ ለመሙላት ቤንዚን ያቃጥላል። ከቤንዚን ወደ ኤሌክትሪክ፣ ከኤሌክትሪክ ወደ ባትሪ፣ ከባትሪ ወደ ሞተር ሲገላበጥ በየደረጃው የሚጠፋ አለ። መኪና ከጋራዥ አውጥቶ በር ላይ ለማቆም ይጠቅማል፣ እሱን አልጠላም።

ፍሬን ቀደም ብላችሁ፣ በቀስታ ያዙ። ከፊታችሁ ያለው ሚኒባስ «ወራጅ አለ» ተብሎ ድንገት እንደሚቆም ታውቃላችሁ። ክፍተት ተዉለት። ለስላሳ ፍሬን ወደ ባትሪ ይሄዳል። ድንገተኛ ፍሬን ወደ ሸራው ይሄድና ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ፎሌ፣ ማለትም ኤን የምትለዋን ማርሽ፣ እርሱት። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ማኑዋል መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ቁልቁለት ሲያይ እጁ ወደ ፎሌ ይሄዳል። ሃይብሪድ ላይ ማርሹ ፎሌ ከሆነ ባትሪው አይሞላም። ቁልቁለቱን በነጻ ሰጣችሁት ማለት ነው። ለደህንነትም መጥፎ ነው። ሰልፍ ላይ ስትቆሙም እንዲሁ። ቃሊቲ ላይ ግማሽ ሰዓት ፎሌ አድርጎ የሚቆም ሰው አየር ማቀዝቀዣውና መብራቱ ባትሪውን ሲበሉት መልሶ የሚሞላው የለም። ዲ ላይ ሆኖ ፍሬን መያዝ፣ ቆይታው ከረዘመ ፒ ማድረግ ነው።

እንደ እንጦጦ ላለ ረጅም ገደላማ ቁልቁለት ቢ የምትለዋን ማርሽ ተጠቀሙ፤ ፍሬናችሁ አይግልም። በሜዳና በትንሽ ቁልቁለት ግን ቢ ላይ አትንዱ፣ ወደ ባትሪ ሊገባ የሚችለውን ሞተሩ ላይ ያባክነዋል።

ፍጥነት መንገድ ላይ 90 እና 110 መሀል ያለውን ልዩነት አስሉት። በ80 ኪሎ ሜትር ላይ ከ10 ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው የምታተርፉት። የምትከፍሉት ከግማሽ ሊትር በላይ ቤንዚን ነው። ከአዳማ ስትመለሱ ዳገቱ ላይ ፍጥነቱ ትንሽ ቢወርድ አትታገሉት፤ አውቶማቲክ ፍጥነት መያዣውን ዳገት ላይ አጥፉት። መስኮት ዝጉ። ዕቃ የማትጭኑበት ፖርቶመጋላ ጣሪያ ላይ ካለ አውልቁት።

ደረጃ 6፦ ክረምትና ጭነት

ሐምሌና ነሐሴ ፍጆታችሁ ትንሽ ከፍ ቢል መኪናው አልታመመም። ጎማው ውሃ እየገፋ ነው የሚሄደው። መስታወት እንዳይደፍን አየር ማቀዝቀዣው ይሠራል፤ መብራቱም፣ መጥረጊያውም አለ። የክረምቱን ቁጥር ከክረምት፣ የበጋውን ከበጋ ጋር አወዳድሩ።

ጭነትን በተመለከተ ሰው ከሚገባው በላይ ይፈራል። ከአዳማ ስመለስ ቢሾፍቱ ላይ አንድ ኩንታል የአድአ ጤፍ ብጭን፣ ዳገቱንና የጎማውን ፍትጊያ ደምሬ ለዚያ 100 ኪሎ የሚሄደው ከአንድ መቶ ሃምሳ ሚሊ ሊትር አይበልጥም። በ110 ከመጋለብ ይልቅ ጤፉን ጭኖ በ90 መምጣት ይረክሳል። የጎማውን ንፋስ ግን ለጭነት የተጻፈውን አድርጉት።

ደረጃ 7፦ ቁጥሩ ሲበላሽ

ደብተር ከያዛችሁ መኪናው ሲታመም ከመብራቱ በፊት ታውቃላችሁ። መንገዳችሁ ሳይቀየር ሁለት ተከታታይ ታንክ በ10 በመቶ ከጨመረ ርካሹን አስቀድማችሁ ፈልጉ፤ ጎማ፣ ፊልትሮ፣ የያዘ ፍሬን፣ የባትሪው ወንፊት። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ቆማችሁ ሳለ አልጠፋ ካለ ቴርሞስታቱን አስፈትሹ፤ ተከፍቶ ከቀረ ሞተሩ በደንብ ስለማይሞቅ ሳይጠፋ ይሠራል።

ትልቁ ባትሪ ሲደክም ምልክቱ ሌላ ነው። ስክሪኑ ላይ የባትሪውን መጠን የሚያሳዩት መስመሮች ትንሽ ዳገት ስትወጡ በአንዴ ወደ ታች ይወድቃሉ፣ ትንሽ ቁልቁለት ስትወርዱ በአንዴ ይሞላሉ። ፋኑ በብርድም ይጮሃል። ይህን ካያችሁ እያንዳንዱን የባትሪ ክፍል በኮምፒውተር ማንበብ የሚችል ባለሙያ ፈልጉ፤ ቁጥሮቹንም ራሳችሁ እዩ። አንድ የደከመ ክፍል ብቻ ቀይረው ሊመልሱላችሁ ይችላሉ። ለጊዜው ይሠራል። እኩያዎቹ ግን ከእሱ ጋር ያረጁ ናቸውና ብዙም ሳይቆይ ሌላው ይከተላል። ገንዘብ ስትመድቡ ይህን አስቡበት።

ያገለገለ ሃይብሪድ ልትገዙ ከሆነ

ሻጩን ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ አግኙት። አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። በብርድ ሲነሳ ድምፁን ስሙ። ከዚያ የጉዞ መቁጠሪያውን ዜሮ አድርጉና ሜዳም ዳገትም ያለበት ቢያንስ 20 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ንዱ፤ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ወጥቶ መመለስን ብትጨምሩበት በጣም ጥሩ። ሽቅብ ስትወጡ የባትሪውን መስመሮች ተመልከቱ፤ ቀስ እያሉ ነው መውረድ ያለባቸው። ቁልቁል ስትመለሱም ቀስ እያሉ ይሙሉ። ወደ ኋላ መቀመጫ ጎንበስ በሉና ወንፊቱን እዩት። እዚያ ያለው አቧራ መኪናው እንዴት እንደተያዘ ከሻጩ አፍ የበለጠ ይነግራችኋል። የነዳጅ ደብተር ካለው ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አገላብጡት።